አንደኛ ክፍል በቤይሩት፦ ልጆቻችን በአንድ የትምህርት ዓመት የሚማሩትና የሚያዩት



አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እኅታችን የስድስት ዓመት ልጇን በአንድ እጇ፣ የልጇን አጀንዳ በሌላው እጇ ይዛ ወደ ቢሯችን መጣች። አጀንዳ ማለት መምህራን የየዕለቱን የቤት ሥራና ለወላጅ ሊሉ የሚፈልጉትን የሚጽፉበት ደብተር ነው። «መምህርቷ ስለ ልጄ ትጽፋለች፤ ልጄም ‹ጎበዝ ነው ይላል› እያለ ያነብልኛል። ዛሬ እናንተ አንብቡልኝና ደስ ይበለኝ» አለችን። ከፈትነው። በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው «የቤት ሥራውን አልሠራም» የሚል ነበር። ሌላ ገጽ ገለጥን፤ ያው ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ አምስት ጊዜ ተጽፏል፤ የመጨረሻው ደግሞ እናቱ ወደ ትምህርት ቤት እንድትመጣ ይጠይቃል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ማሰሪያ ያያል። እናቱ ሊባኖስ ከመጣች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ አረብኛን እንደ አገሬው ሰው ትናገራለች፤ ነገር ግን አንድ ፊደል አታነብም። በመጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ አለቀሰች።

ብዙዎቻችሁ የማዳምን ልጆች አሳድጋችኋል። ጠዋት ማርዩላቸውን አልብሳችሁ፣ የላብኔ ሳንዱዊቻቸውን በዘዋዴያቸው ከታችሁ፣ አውቶካሩ እስኪመጣ ከበር ቆማችሁ ሸኝታችኋል። እስከ ትምህርት ቤቱ በር ያለውን መንገድ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ከበሩ ወዲያ ያለውን ጉዳይ ግን የምትከታተለው፣ አጀንዳውንም የምትፈርመው ማዳም ነበረች። አሁን የራሳችሁ ልጅ ሲገባ ፈራሚዋ እናንተ ናችሁ። ስለሆነም በቡርጅ ሐሙድ፣ በነብዓ፣ በዶራም ሆነ በሌላ ሰፈር ልጅ ይዛችሁ የምትኖሩ እኅቶች አንድ ልጅ በሊባኖስ አንደኛ ክፍል ውስጥ ዓመቱን እንዴት እንደሚያሳልፍ እንድታውቁት ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ ክፍል ከዜሮ አይጀምርም

በሊባኖስ አጠቃላይ ትምህርት 12 ዓመት ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 ዓመታት አንደኛ ደረጃ ሲሆኑ ሦስት ሦስት ዓመት ሆነው በሁለት ይከፈላሉ፤ ቀጥሎ 3 ዓመት መካከለኛ፣ 3 ዓመት ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ይሆናል። ይህ አከፋፈል በ1997 ከወጣው ሥርዓተ ትምህርት የመጣ ነው። ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው በ6 ዓመቱ ነው፤ አገር ቤት 7 ዓመት ሲሞላው እንደሆነ ታስታውሳላችሁ።

እዚህ ላይ ብዙ እናቶች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። እኛ አገር በተለይም በገጠር ያደግን ሰዎች፣ ልጅ «ሀ» ብሎ የሚጀምረው አንደኛ ክፍል ሲገባ ነው ብለን እናስባለን። እዚህ ግን አብዛኞቹ የሊባኖስ ልጆች ከ3 ዓመታቸው ጀምረው «ሮዳ» በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ቆይተው ነው የሚመጡት። በመስቀል ሰሞን ክፍል ሲገቡ የአረብኛውንም የፈረንጁንም ፊደላት በአብዛኛው ለይተው ያውቃሉ፤ ስማቸውንም ይጽፋሉ። መምህርቷም ይህን ያውቃሉ ብላ ትጀምራለች። ቤት ውስጥ ወይም ጎረቤት ዘንድ የዋለ ልጅ በዚህ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን ሦስት ዓመት ዘግይቶ የደረሰ ነው። ልዩነቱን እናት ካላወቀች «ልጄ አእምሮው አይቀበልም» ብላ ታዝናለች፤ እኛም እንዲህ ያሉ እናቶች ገጥመውናል። የሚቻል ከሆነ ልጁን ቢያንስ በመጨረሻው የሮዳ ዓመት ማስገባት፣ ካልተቻለ ደግሞ በክረምቱ ወራት ፊደላቱን ማስለየት ብዙ ይረዳል።

ሦስት ቋንቋ፣ ምናልባትም አራት

የዓመቱ ዋናው ሸክም ቋንቋ ነው። ልጃችሁ ከሰፈር ልጆች ጋር ሲጫወት የሚናገረው የሊባኖስ አረብኛ ነው። መጽሐፉ ግን የተጻፈው በዚህ አይደለም፤ «ፉስሓ» በሚባለው የጽሑፍ አረብኛ ነው። መንገድ ላይ «ሹ» የሚባለው በመጽሐፍ «ማዛ» ይሆናል፤ «ባዲ» የሚባለው «ኡሪዱ»፣ «ሀላእ» የሚባለው «አልአን» ይሆናል። የግእዙን ቅዳሴ ከአማርኛችን ጋር ብታነጻጽሩት ነገሩ ይገባችኋል፤ ዘመዳሞች ናቸው፣ አንድ አይደሉም። ስለዚህ «ልጄ አረብኛ ይችላል፤ እዚሁ ተወልዶ!» ብላችሁ አትዘናጉ። የሊባኖስ ልጆችም ራሳቸው በዚህ ይቸገራሉ፤ ልዩነቱ እነርሱ በቤታቸው የፉስሓ ተረት የሚያነብላቸው ሰው ሊኖራቸው መቻሉ ነው።

ፊደሉ 28 ነው፤ የሚጻፈውም ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ከኛ ፊደል ጋር ሲወዳደር ጥቂት ይመስላል፤ የሚያስቸግረው ግን አብዛኛው ፊደል በቃሉ መጀመሪያ፣ በመካከልና በመጨረሻ ሲሆን መልኩን መለወጡ ነው። ስድስቱ ደግሞ ቀጥሎ ከሚመጣው ፊደል ጋር አይያያዙም። ነጥብም አለ፤ አንድ ነጥብ ከታች ከሆነ «ባ»፣ ሁለት ከላይ ከሆነ «ታ»፣ ሦስት ከላይ ከሆነ «ሣ» ይሆናል። ልጁ አንዲት ነጥብ ቢረሳ ቃሉ ሌላ ይሆናል። በእኛ ፊደል አናባቢው ከፊደሉ ጋር ተሠርቶ ይገኛል፤ «ሉ» እና «ሊ» በእግራቸው ይለያሉ። በአረብኛ አጫጭር አናባቢዎች ከላይና ከታች በምልክት የሚጨመሩ ሲሆኑ እነዚህ ምልክቶች በሕፃናት መጽሐፍ ላይ ይጻፋሉ፤ በኋለኞቹ ክፍሎች እየቀነሱ ይሄዳሉ። የአዋቂ ጋዜጣ ላይ አታገኟቸውም። እናት ፊደሉን ለመማር ከፈለገች እንግዲህ ከልጇ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ የተሻለ መጽሐፍ አታገኝም።

በዚሁ ሰሞን፣ በዚሁ ቦርሳ ውስጥ፣ ሌላ መጽሐፍ አለ፤ ከግራ ወደ ቀኝ የሚጻፍ ፈረንሳይኛ ወይም እንግሊዝኛ። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ነው። ይህ ቋንቋ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ሒሳብና ሳይንስም በአብዛኛው የሚሰጡት በዚሁ ቋንቋ ነው። ስለዚህ በቋንቋው የደከመ ልጅ በሒሳብም ይደክማል፤ ቁጥር ጠፍቶት ሳይሆን ጥያቄው ምን እንደሚል ስላልገባው ነው። ፈረንሳይኛ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ያለ የአንደኛ ክፍል ልጅ በየገጹ የሚያገኛቸው የትእዛዝ ቃላት ጥቂት ናቸው፤ «ረሊ» አገናኝ፣ «አንቱር» አክብብ፣ «ኮሎሪ» ቀለም ቀባ፣ «ኤክሪ» ጻፍ፣ «ኮንት» ቁጠር ማለት ነው። በአረብኛው መጽሐፍም እንዲሁ ነው፤ አንዳንዱ መጽሐፍ «ኡክቱብ» ብሎ ጻፍ ሲል፣ ሌላው «አክቱቡ» ብሎ በልጁ አንደበት እጽፋለሁ ይላል። እነዚህን አምስትና ስድስት ቃላት እናት ብታውቅ፣ ቋንቋውን ባትችልም ልጇ ምን እንዲሠራ እንደታዘዘ ታውቃለች። በወረቀት በአማርኛ ፊደል ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት።

ስለ ቁጥር ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር፤ ልጅ ሲሳሳት ከመቆጣት ያድናልና። እኛ 25ን «ሃያ አምስት» እንላለን። አረቡ «ኸምሳ ወ ዒሽሪን» ይላል፤ አምስትና ሃያ ማለት ነው፤ ትንሹን አስቀድሞ። በአረብኛ ሲሰማው የከረመ ልጅ 25 ጻፍ ሲባል 52 ቢጽፍ ምን ይገርማል? ፈረንሳይኛው የባሰ ነው። እስከ 69 በደኅና ሄዶ 70 ላይ ሲደርስ «ስልሳ አሥር» ይላል። 80 ሲሆን «አራት ሃያ»፣ 97 ደግሞ «አራት ሃያ አሥራ ሰባት»! ልጃችሁ በፈረንሳይኛ ሲቆጥር ሰባዎቹ ላይ ቢደናቀፍ ፈረንጆቹም ልጆች ሳሉ የሚደናቀፉበት ቦታ ነው። በአማርኛ ቁጠሩለት፤ በባቄላ፣ በክዳን፣ በምታገኙት ነገር ሁሉ መደመርና መቀነሱን አሳዩት። መጠኑን በአንድ ቋንቋ በደንብ የተረዳ ልጅ ስሙን በሌላው ለመያዝ አይቸገርም።

አጀንዳው፣ ቃል ጽሕፈቱ፣ ካርኔው

ወደ አጀንዳው እንመለስ። በየማታው መከፈት ያለበት ነው። በብዙ ትምህርት ቤት ወላጅ እንዲፈርም ይጠበቃል። ልጁ ለነገ የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ ከሦስት ነገር አንዱ ነው፤ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ «ኢምላእ» የሚሉት ቃል ጽሕፈት፣ ወይም አጭር ግጥም በቃል ማጥናት። ሦስቱንም ማንበብ የማትችል እናት ልትረዳበት ትችላለች። ሲያነብ ተቀምጣችሁ አዳምጡ፤ የሚያነብ ልጅ ድምፁ ይፈስሳል፤ የሚገምት ልጅ ዓይኑ ከገጹ ተነሥቶ ፊታችሁን ያያል። ለቃል ጽሕፈት ልጁ ቃላቱን እንዲያነብላችሁ አድርጋችሁ በስልካችሁ ድምፁን ቅዱ፤ ከዚያም መጽሐፉን አስከድናችሁ መልሳችሁ አሰሙትና ይጻፍ። ሲጨርስ ከመጽሐፉ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ፤ ነጥብ ጎደለ ወይስ አልጎደለም የሚለውን ለማየት ማንበብ አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። ይህን ዘዴ ያስተማረችን አንዲት በአሽራፊዬ የምትሠራ እኅት ናት፤ ከእኛ የተገኘ አይደለም።

ውጤቱ በየተወሰነ ጊዜ በካርኔ ይመጣል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ከ20 ነው የሚያርሙት፤ 10 ማለፊያ ነው። አንዲት እናት ልጇ 14 አምጥቶ ከመቶ መስሏት ምግብ ከለከለችው፤ ከ20 አሥራ አራት እኮ ደኅና ውጤት ነው። አገር ቤት የለመድነው «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለው ጥያቄም እዚህ ሁሉ ቦታ መልስ የለውም፤ ደረጃ የማይሰጡ ብዙ ናቸው። ከደረጃው ይልቅ ከሁለቱ ቋንቋዎች በየትኛው እንደደከመ ብታዩ ይሻላል። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ቶሎ መምህርቷን ማነጋገር ያስፈልጋል፤ እስከ ሰኔ መጠበቅ አይገባም፣ ያኔ የሚነገራችሁ ክፍሉን ይደግማል የሚለው ብቻ ይሆናል።

የሰውን ቤት ሥራ ፈቅዶ የሚለቅ ማዳም ወይም ሚስተር ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ቢሆንም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በኅዳር ሌላው በየካቲት ገደማ፣ አንድ ጠዋት ለምናችሁ ሂዱ። ክፍሉን የምትመራውን መምህርት፣ ካልሆነም «ናዝራ» የሚሏትን ተቆጣጣሪ ጠይቁ። ወላጅ የማይመጣለት ልጅ ጠያቂ የሌለው ይመስላቸዋል።

ዓመቱ ሲዞር

ትምህርት የሚጀመረው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መግቢያ ባለው ጊዜ ነው፤ የሚዘጋው በሰኔ ነው። በመካከል ልጁ የሚያያቸው በዓላት ለእናት አዲስ ሊሆኑ ይችላሉ። ኖቬምበር 22 የሊባኖስ ነጻነት ቀን ስለሆነ በዋዜማው ባንዲራ ይሥላሉ፣ መዝሙር ያጠናሉ። ዲሴምበር 4 የቅድስት በርባራ በዓል ነው፤ ልጆች ጭምብል ለብሰው ይመጣሉ፣ የተቀቀለ ስንዴ በስኳር ይበላሉ፤ የእኛው ንፍሮ ማለት ነው። ልጃችሁ «ጭምብል ግዢልኝ» ቢል ያበደ እንዳይመስላችሁ። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ሲሆን በብዙ ዓመት የገና ዕረፍት አልቆ ትምህርት የሚጀመርበት ሰሞን ላይ ይውላል፤ ልጁ እንዲቀር ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ በአጀንዳው ላይ ማስጻፍ ነው። በፋሲካ ግን አንቸገርም፤ ሊባኖስ የሁለቱንም ፋሲካ ስለምታከብር የእኛ ስቅለት ከሮም ኦርቶዶክሶቹ ጋር አብሮ ይዘጋል።

ማርች 9 የመምህራን ቀን ነው፤ ልጆች ለመምህርታቸው አበባ ወይም ትንሽ ነገር ይወስዳሉ። አንድ አበባ ይበቃል፤ ባዶ እጁን የሚሄደው የእናንተ ልጅ ብቻ እንዳይሆን ነው የምንነግራችሁ። ማርች 21 ደግሞ የእናቶች ቀን ነው። በዚያን ቀን ልጁ በወረቀት ልብ ቆርጦ፣ በፉስሓ የተጻፈ ግጥም በቃሉ አጥንቶ ይመጣል። ማታ ከሥራ ስትመለሱ ድካም ቢኖርም ቁጭ ብላችሁ አሰሙት። ቃሉ ባይገባችሁ እንኳ ለእናንተ ነው።

በደብተር የማይጻፈው

ልጆች በእረፍት ሰዓት፣ «ፉርሳ» በሚሉት፣ የሚማሩት ሌላ ትምህርት አለ። የቆዳውን ቀለም እያነሱ የሚሰድቡት ይኖራሉ። «ባሪያ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል በሕፃናት አፍ ሲባል ሰምተናል። «እናትህ የእገሌ ቤት ሠራተኛ ናት» መባልም አለ። ልጅ ይህን ወዲያው አይናገርም። ሆዴን አመመኝ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት ይጀምራል፤ ወይም ከበሩ ሩቅ እንድትቆሙ ይለምናችኋል። አንድ እናት ይህ ሲደርስባት «ከቀናተኞች አትጫወት» ብላ አለፈችው። እኛ የምንመክረው ሌላ ነው። ማን፣ መቼ፣ የት እንዳለው ልጁን በእርጋታ ጠይቃችሁ ለናዝራዋ ወይም ለዳይሬክተሯ ንገሩ፤ ብቻችሁን መሄድ ከከበዳችሁ ከእኛ አንድ ሰው አብሯችሁ ይሄዳል። ደግሞም ስለ ሥራችሁ ልጁ ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእናንተ ይስማ። ይህ ሥራ ኪራዩን እንደሚከፍል፣ ቦርሳውን እንደገዛ፣ አያቱን አገር ቤት እንደሚያኖር የስድስት ዓመት ልጅ ይገባዋል።

ሌላው ጉዳይ ልጅ የእናቱ አስተርጓሚ ሲሆን ነው። ሐኪም ቤት ያነብላታል፣ የመብራት ወረቀት ያነብላታል፣ አጀንዳዋንም እንዲሁ። ጠቃሚ ይመስላል። ነገር ግን በመግቢያችን ያየነው ልጅ ክፉ አልነበረም፤ ማንም ሕፃን በራሱ ላይ የተጻፈ ክስ ለእናቱ ቢያነብ እንዲሁ ያደርግ ነበር። ስለ ልጁ የተጻፈን ነገር ሌላ ትልቅ ሰው ያንብብላችሁ።

አማርኛውን አትተዉ

አንዳንድ እናቶች «ሦስት ቋንቋ በዝቶበታል፤ እኔም አማርኛውን ትቼ በአረብኛ ላናግረው» ይላሉ። አንዳንድ መምህራንም ይህን ይመክራሉ። በዚህ አንስማማም። አብዛኞቻችን አረብኛን የተማርነው ከማድ ቤት ነው፤ «አምጪ፣ ጥረጊ፣ ነይ» የሚለውን እናውቃለን፤ ለልጅ ተረት ለመንገር፣ ለምን እንዳዘነ ለመጠየቅ፣ ስለ እግዚአብሔር ለማስረዳት ግን አይበቃንም። በጎደለ አረብኛ ያደገ ልጅ አረብኛውንም ጎዶሎ ይይዛል፤ ከእናቱም ጋር ዕድሜ ልኩን በማድ ቤት ቃል ይነጋገራል። ልጁ አሥራ አራት ዓመት ሞልቶት ከባድ ነገር ሲገጥመው በምን ቋንቋ ይነግራችኋል? እናት የምትችለውን ቋንቋ አሟልታ ብታናግረው ልጁ ማሰብን፣ መጠየቅንና መተረክን ይማርበታል፤ ይህም ወደ ሌሎቹ ቋንቋዎች አብሮት ይሄዳል። የአማርኛ ፊደል ማንበቡ ግን ይቆይ። በአንደኛ ክፍል ሁለት ፊደል ይበቃዋል፤ ሀሁን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ መጀመር ይቻላል። እስከዚያው ቋንቋው በአፍ ይኑር።

ዓመቱ ሲቋረጥ

ከ2019 ወዲህ ሊባኖስ ውስጥ ያልተቋረጠ የትምህርት ዓመት ማግኘት ከባድ ሆኖ ቆይቷል። በዚያ ዓመት በጥቅምት ሕዝባዊ ተቃውሞው መንገዱን ዘጋ፤ በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት 4 የወደቡ ፍንዳታ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ጎዳ። የገንዘቡ መውደቅ የመምህራኑን ደሞዝ ባዶ ስላደረገው በ2023 መጀመሪያ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ለሳምንታት ሥራ አቆሙ። በ2024 መስከረም ጦርነቱ ሲበረታ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ፤ የመንግሥት ትምህርት የተጀመረውም በኖቬምበር ነበር። ያኔ አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው የሸሹ እኅቶች ከነልጆቻቸው የተጠለሉት በአብያተ ክርስቲያናትና በበጎ አድራጊዎች ዘንድ ነው፤ ለሌላ ሰው በተከፈተ መጠለያ በር ላይ የተመለሱም ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ ልጁ ክፍሉን ቢያልፍም እንኳ መሠረቱ ሊጎድል ይችላል። ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ የአንደኛ ክፍሉን መጽሐፍ ማንበብ ከቻለ መልካም ነው፤ ካልቻለ አያሳፍርም፣ ከዚያው መጀመር ነው።

ስለ ወረቀት በአጭሩ

ስለ ምዝገባ ብዙ ጥያቄ ስለሚመጣልን ጥቂት እንበል። ሊባኖስ የሕፃናትን መብት ስምምነት በ1991 አጽድቃለች። በ1998ና በ2011 የወጡት ሕጎች ግን ነጻና ግዴታ የሆነውን ትምህርት የሚሰጡት ለሊባኖሳዊ ሕፃን ብለው ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት የጠዋት ፈረቃ ቅድሚያ የሊባኖስ ልጆች ነው። ከ2013 ጀምሮ የተከፈተው የከሰዓት ፈረቃ ደግሞ በዋናነት ለሶርያ ስደተኞች ልጆች የታሰበ ነበር። ስለዚህ የእኛ ልጆች የሚገቡት በየዓመቱ በሚወጣው መመሪያና በዳይሬክተሩ በጎ ፈቃድ ነው፤ ወይም በግል ትምህርት ቤት ከፍለን ነው። አንዱ በር ቢዘጋ ሌላውን ከማንኳኳት አትቦዝኑ።

ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው የልደት ማስረጃ፣ የክትባት ካርድና ፎቶግራፍ ነው። ክትባት በመንግሥት «ሙስተውሰፍ» ያለ ክፍያ ይሰጣል። ከሁሉ የሚበልጠው የልደት ማስረጃው ነው። ልጅ በተወለደ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተመዘገበ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ያም ጊዜና ጠበቃ ይፈልጋል። ሆዳችሁ ከገፋበት ጊዜ ጀምሮ ይህን አስቡበት። ኢቃማ የሌላችሁ እኅቶች ደግሞ ወደ ማንኛውም ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት አማክሩን። በ2014 ልጆች ያሏቸው ሠራተኞች ፈቃዳቸው ሳይታደስ ከነልጆቻቸው ከአገር እንዲወጡ የተደረጉበት ጊዜ ስለነበረ ፍርሃታችሁ ከንቱ አይደለም።

ልጆቻችሁ አገር ቤት ላሉ

ልጆቻችሁን ለእናታችሁ ወይም ለእኅታችሁ ትታችሁ የመጣችሁ ብዙ ናችሁ። በስልክ «ትምህርት እንዴት ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱ ሁልጊዜ «ጥሩ ነው» ይሆናል። ከዚያ ይልቅ መጽሐፉን ያምጣና አንድ አንቀጽ ያንብብላችሁ። አማርኛ ስለሆነ ይህን እናንተ ራሳችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ፤ እዚህ ያለች እናት የሌላት ዕድል ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በጥር ገደማ ስለሚያልቅ ሪፖርት ካርዱን በፎቶ አስልኩ። አያትየው በትህትና ቢጠየቁ ደስ ይላቸዋል፤ «እማዬ፣ ማታ ማታ እርስዎ አጠገብ ሆኖ ያንብብልኝ» ማለት ይበቃል።

ያ ልጅ ምን ሆነ ብላችሁ እንደሆነ፦ እናቱና ከእኛ አንዱ ሆነን ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። መምህርቷ እናቲቱ ግድ የሌላት መስሏት ነበር። ስንነጋገር ልጁ የፈረንሳይኛውን ትእዛዝ ስላልተረዳ ነበር የቤት ሥራውን ባዶ የሚተወው። «ረሊ» የሚለውን ቃል አያውቀውም፤ ምን ከምን ጋር እንደሚያገናኝ ሲጠየቅ ግን በአማርኛ ለእናቱ ሁሉንም በትክክል ነገራት። መምህርቷም ከዚያን ቀን ጀምሮ በየገጹ ትንሽ ሥዕል ታደርግለታለች፤ መቀስ ከሆነ ቁረጥ፣ እርሳስ ከሆነ ጻፍ ነው።

በየሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል አረብኛና ፈረንሳይኛ የሚያነቡ ሁለት ወንድሞችና አንዲት እኅት በአዳራሹ ይቀመጣሉ። አጀንዳውን፣ ካርኔውን፣ ከትምህርት ቤት የመጣ ማንኛውንም ወረቀት ይዛችሁ ኑ። ልጁንም አምጡት፤ ሲነበብ ግን ውጭ ቆይቶ ይጫወት።